የወል መስክ ምንድን ነው?

የወል መስክ የአንድ አካባቢ ሰው በጋራ ከብት የሚያግድበት፣ ሣር የሚያጭድበትና ማገዶ የሚለቅምበት መሬት ነው። የ1997ቱ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 «የወል ይዞታ» ብሎት ነበር። ብዙ ሰው ግን «የወል» ሲባል «የማንም» ብሎ ይሰማዋል፤ ጥፋቱ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። በወጉ የተያዘ የወል መስክ ተጠቃሚዎቹ በስም ይታወቃሉ፤ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን አለው፤ ቀኑን የሚያስከብር ጠባቂም አለው። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል መስኩ በጥቂት ክረምት ውስጥ ልቅ ግጦሽ ይሆናል።

ለዚህ የመንዝ ጓሳን የሚያህል ማሳያ የለም። በሰሜን ሸዋ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ውርጫም መስክ ነው። ስሙን ያገኘው ከጓሳ ሣር ነው። የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ መጥረጊያ፣ እረኛው በዝናብ የሚደርበው ገሳ ሁሉ ከዚህ ሣር ይሠራል። የአገሬው ትውፊት የጥበቃውን ሥርዓት 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ላይ ያደርሰዋል፤ መሥራቾቹም አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች ናቸው። መብቱ አጽመ ርስት ነበርና ትውልዱን ከእነሱ የሚቆጥር ብቻ ይጠቀማል። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን አለቃ ይመርጣሉ፤ ጥበቃውም በተራ ነው።

መስኩ ከተዘጋ ሣሩ እስኪደርስ አንዳንዴ ሦስት ዓመት ሊቆይ ይችላል። አለቃው አይቶ «ደርሷል» ሲል የመክፈቻው ቀን ይነገራል፤ ብዙ ጊዜ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ ነው። መጀመሪያ ማጭድ ይገባል፣ አጨዳው ሲያልቅ ከብት ይከተላል። ከዚያ የሰኔ ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 መስኩ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል።

ከብት ከማጭድ ከቀደመ ረጅሙን ሣር ይረግጠዋል፤ የተሰባበረ ሣር ደግሞ ክዳን አይሆንም። በክረምት የሚዘጋውም በከንቱ አይደለም። ርጥብ አፈር በሰኮና ሲጠቀጠቅ ውኃው መስረጉ ቀርቶ ላይ ላዩን ይፈስሳል፤ ገና ብቅ ያለው ሣርም ከነሥሩ ይነቀላል። ጓሳ ከሥሩ ከፍ ተደርጎ ከታጨደ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ የተነቀለው ግን ቦታውን ባዶ ያስቀራል። ያለ ጊዜው ያጨደ ሰው ደግሞ መደበቂያ የለውም፤ የመንደሩ ጣሪያ ሁሉ ጠቁሮ የእሱ ቤት ብቻ አዲስ ቢጫ ክዳን ለብሶ ይታያል።

ለድርቆሽ የተከለለ መስክ ቀኑ ሌላ ነው። የክዳን ሣር እስኪጠነክር ይጠበቃል፤ የድርቆሽ ሣር ግን ማበብ ሲጀምር፣ ፍሬ ሳይቋጥር መታጨድ አለበት። በብዙ ደጋ ቦታ ይህ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ይውላል። ካለፈበት አገዳ ብቻ ሆኖ ከብቱ ይተወዋል። ሲታጨድ አራት ጣት ያህል ከመሬት ማስቀረት፣ ሁለት ሦስት ቀን እያገላበጡ ማድረቅ ነው። አንድ ጭብጥ ወስዶ ማጠማዘዝ ይበቃል፦ እርጥበት ከወጣው ገና ነው፣ ከተንኮታኮተ ቅጠሉ ረግፏል። ሳይደርቅ የተከመረ ውስጥ ውስጡን ይግላል፣ ይሻግታል። ክምሩም ከመሬት ጋር እንዳይገናኝ ከሥሩ ድንጋይ ወይም እንጨት ይደረደርለታል።

ጠቡ የሚነሣው ድልድሉ ላይ ነው። መስኩ ለከብት ከተለቀቀ አሥር ላም ያለው የአሥር ይበላል፤ ላም የሌላት ባሏ የሞተባት ሴት ምንም አታገኝም። ታጭዶ ከተካፈለ ግን ድርሻዋን ትሸጣለች። ስለዚህ በቤተሰብ ቁጥር በገመድ ለክቶ ዕጣ ማውጣት ይሻላል። ነገር ግን ጨፌውና ጭንጫው እኩል ሣር አይሰጡም፤ ጨፌውን ጠበብ፣ ጭንጫውን ሰፋ አድርጎ መቁረጥ የሽማግሌዎች ሥራ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ አጽመ ርስትን ሲሽር የጓሳም የጥበቃ ሥርዓት ተናጋ። በትውልድ ሐረግ ምክንያት ከመስኩ ተከልክለው ለኖሩት የዘገየ ፍትሕ ነበር፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ሆኖም ነባሩ መዝጊያና መክፈቻ ሲቀር ያን የሚተካ አልመጣም፤ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ነዋሪው ደንብ አውጥቶ፣ ጠባቂ አቁሞ ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ አደረገው። ቀይ ቀበሮ ዛሬም እዚያ የሚያድነው ሣሩ ውስጥ የሚኖሩትን አይጦች ነው።

ደንብ ለሚጽፍ ማኅበር ሁለት ነገር ማከል ያስፈልጋል። ቅጣቱ ላሟ በቀን ከምትበላው ሣር ዋጋ ካነሰ ቅጣትነቱ ቀርቶ የግጦሽ ኪራይ ይሆናል፤ ባለ ብዙ ከብቱ ከፍሎ ያስግጣል። ሌላው ድንበር ነው። የወል መስክን ቀስ ብሎ የሚበላው ሞፈር ነው፤ አዋሳኙ ገበሬ በየዓመቱ አንድ ትልም ይገፋል፣ ማንም ልብ አይልም። በመዝጊያው ቀን ሁሉም በተገኘበት ድንበሩን መዞር፣ የተገፋ ካለ ገፊው እዚያው ቆሞ ድንጋዩ ወደ ቦታው ይመለስ።