ከክትክታው ዛፍ ሥር ለተቀመጠ ሰው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለማናውቀው ሰው ነው። ቅዳሴ አልቆ ምእመኑ ሲበተን፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ከግንቡ ጥግ ስለቀረችው ሴት። ታክሲ ውስጥ ወደ መስኮቱ ዞሮ እንባውን ስለሚጠርገው ወጣት። ስማቸውን አናውቅም፣ ችግራቸውንም አናውቅም። ብቻ ነገሩ ከአቅማቸው በላይ እንደሆነባቸው ያስታውቃል። ምን እናድርግ?

እኔን ያስተማረኝ 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ነው።

ኤልያስን ታውቁታላችሁ። በቀርሜሎስ ተራራ ላይ እሳት ከሰማይ ያወረደ፣ ሰማይን ሦስት ዓመት ከስድስት ወር በጸሎቱ የዘጋ ነቢይ ነው። ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ልትገድለው ስትምል ግን ሸሸ። አገልጋዩን ቤርሳቤህ ላይ ትቶ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ። ከክትክታ ዛፍ ሥር ቁጭ አለና ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ ብሎ ለመነ። ከዚያ ተኛ።

እግዚአብሔር መልአክ ላከለት። መልአኩ ምን እንዳላለ ልብ በሉልኝ። «አንተን የሚያህል ነቢይ እንዴት ሞትን ይመኛል?» አላለውም። የቀርሜሎሱን ተአምርም አላነሳበትም። ዳሰሰውና ተነሥተህ ብላ አለው። በቃ። ቀና ሲል ራስጌው የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አለ። እንጎቻ! እናቶቻችን ምጣድ ዳር ቁጭ ብሎ ለሚጠብቅ ልጅ የሚጋግሯት ያቺ ትንሽዬ። ለታላቁ ነቢይ ከሰማይ የተላከለት ይህ ነው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ አልተቆጣውም። ዳግመኛ መጥቶ ዳሰሰው። መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው።

«ኤልያስ ሆይ፣ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው መቼ መሰላችሁ? አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጉዞ የእግዚአብሔር ተራራ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ። እኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጥያቄው ነው የምንጀምረው። «ምን ሆነሽ ነው? ማን ምን አደረገሽ?» ሰውየው ገና እንጎቻውን አልቀመሰም እኮ።

ይህን ምዕራፍ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የገባኝ ግን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው። እናቴ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታ እኔ ደጅ ቁጭ ብያለሁ። ሌሊት ነው። ስልኬ ባትሪ ዘግቷል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ የመድኃኒት ማዘዣው በላብ ርሷል። አጠገቤ አንዲት እናት መጥተው «ልቀመጥ ልጄ?» አሉኝ። ተቀመጡ። ምንም አልጠየቁኝም። ከፌስታላቸው ፐርሙዝና በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ አወጡ። ሻዩን በክዳኑ ቀድተው ሰጡኝ። እጄ እንዳይደፋው ብለው ክዳኑን ከሥር ደገፉልኝ። «ጠጪ፣ ትኩስ ነው።» ብዙ ቆየን። የእሳቸውም ባለቤት እዚያው ተኝተው እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሊነጋጋ ሲል አንዲት ጥያቄ ጠየቁኝ። «የእናትሽ የክርስትና ስም ማን ነው?» ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ በከንፈራቸው ደገሙት።

ሐናንም አስቧት። በሴሎ መቅደስ አዝና ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ካህኑ ዔሊ አይቶ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ያዘነን ሰው ክፉኛ ማቁሰል ይቻላል ማለት ነው። ዔሊ ግን ልቧ ያዘነባት ሴት መሆኗን ስትነግረው ወዲያው ቃሉን መለሰ። በደኅና ሂጂ፣ የእስራኤል አምላክ የለመንሽውን ይስጥሽ አላት። የለመነችው ልጅ እንደሆነ ሲጠይቃት አናነብም። ምሥጢሯን ሳያወጣ ባረካት። እሷም ሄዳ በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አላዘነም ይላል መጽሐፉ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ «ለበጎ ነው» ለማለት አንቸኩል። ለበጎ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ግን ባለቤቱ ጊዜው ሲደርስ ይበለው። «ከአንቺ የባሰ ስንት አለ» የሚለው ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨምራል እንጂ አያቀልም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ መሬት ላይ አብረውት ተቀምጠዋል። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። እኛ ለቅሶ ቤት ገብተን ዝም ብሎ መቀመጥን እናውቅበታለን። ያንኑ ታክሲ ውስጥና ኮሪደር ላይ ማድረግ ነው የሚቀረን።

ፈቃድ ጠይቁ። ብቻዬን ተዉኝ ካለ ተዉት፣ ውኃውን አጠገቡ አኑራችሁ ፈቀቅ በሉ። የነገራችሁን ነገር ቡና ላይ አታውጡት። እንደ ኤልያስ ሞቴን ስጠኝ የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብቻውን አትተዉት። ቤተሰቡ፣ የንስሐ አባቱ፣ ሐኪምም እስኪደርሱለት አብራችሁት ቆዩ። ሐኪም መጥራት እምነት ማጣት አይደለም።

እናቴ ዳነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኒያን እናት ላመሰግናቸው ስመለስ ቦታቸው ላይ አልነበሩም። የእናቴን የክርስትና ስም ይዘው ሄደዋል። እኔ የእሳቸውን ሳልጠይቅ ቀረሁ። እስከ ዛሬ ስጸልይላቸው «ሻይ የሰጡኝን እናት አስባቸው» ነው የምለው።