ስለ ጣና የበጋ ወፎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጥር ሲገባ ባሕር ዳር ውስጥ ወፍ የምናይ ሰዎች ስልካችን አያርፍም። አንዱ ከይጋንዳ ረግረግ ፎቶ ይልካል። ሌላው ከፎገራ ደውሎ «ዛሬ ሰማዩ ጠቁሯል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ቁጥር ብቻ ይጽፋል፦ «400»። የምን 400? የት? በስንት ሰዓት? ይህን ጥያቄ ስደጋግም ነገር የማጠብቅ የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን ነገሩን ከልቤ ስለምወደው ነው። በደንብ የተያዘ ቁጥር ከዓመታት በኋላም ስለ ጣና ይናገራል፤ ያለ ቦታና ያለ ሰዓት የተላከ ቁጥር ግን በማግስቱ ወሬ ነው። በየዓመቱ የምሰማቸውን ስህተቶች እዚህ ላንሳ።

«የክረምት ወፎች ናቸው፣ ስለዚህ በክረምት ይመጣሉ»

ይሄ ከቃሉ የመጣ ስህተት ነው። ፈረንጆቹ «ዊንተር» የሚሉትን «ክረምት» ብለን እንተረጉመዋለን። እኛ ደግሞ ክረምት ሲባል ትዝ የሚለን ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናብና ጭቃ ነው። የአውሮፓ የብርድ ወራት ለእኛ በጋ ናቸው። አንድ የአዲስ አበባ ወዳጄ ይህን ሳያውቅ ሐምሌ ላይ ክሬን (እግሩና አንገቱ የረዘመውን ግራጫ ትልቅ ወፍ) ለማየት መጥቶ አንድም ሳያይ ተመልሷል። ክሬኖቹ ያኔ ሰሜን አውሮፓ ጫጩት እያሳደጉ ነበር። እዚህ የሚደርሱት በጥቅምትና በኅዳር ነው፣ የሚመለሱት ደግሞ የካቲትና መጋቢት ላይ። ትንንሾቹ የውሃ ዳር ወፎች ግን ቀደም ይላሉ፣ ነሐሴ ሳያልቅ የሚደርሱም አሉ። ስለዚህ እኔ «የበጋ እንግዶች» ነው የምላቸው።

«ከብርድ ሸሽተው ነው የሚመጡት»

ግማሽ እውነት ነው። ወፍ ላባ አለው፣ ብርዱን ራሱን ከምናስበው በላይ ይችለዋል። ዋናው ነገር ምግብ ነው። ውሃው በረዶ ሲሆን ዳክዬ ምን ይበላል? መሬቱ በብርዱ ሲጠጥርና ቀኑ ሲያጥር ትል የሚለቅመው ወፍ በምን ሰዓት ይጠግባል? ከ20 ግራም በታች የምትመዝን፣ ጭራዋን ቶሎ ቶሎ የምታወዛውዝ ቢጫ ወፍ ከብት ሲሰማራ እግር ስር ስትሯሯጥ አይታችሁ ይሆናል። ከብቱ የሚያስነሳውን ዝንብና ፌንጣ ፍለጋ ነው ያን ሁሉ ሰሃራ አቋርጣ የመጣችው። እሷን ሳይ ሁሌም ይደንቀኛል።

«ረጅም እግር ያለው ሁሉ ሽመላ ነው»

ብዙው ቁጥራችን የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ከአውሮፓ የሚመጣው ክሬን ግራጫ ነው፣ አንገቱ ጥቁርና ነጭ፣ አናቱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለው። ነጩ ሽመላ ነጭ ሆኖ የክንፉ ጫፍ ጥቁር ነው፣ አፉና እግሩ ቀይ። በመነጽር ከታየ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ችግሩ ጠዋት ፀሐይን ፊት ለፊት ይዞ ሲታይ ሁሉም ጥቁር ጥላ ይሆናል። ያኔ ጆሮን መጠቀም ነው። ክሬን በሩቅ የሚሰማ እንደ መለከት ያለ ድምፅ አለው፣ ሲበር እንኳ አይቆምም። ሽመላ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፣ አፉን ነው የሚያንቀጫቅጨው። ሁለቱም ሲበሩ አንገታቸውን ይዘረጋሉ። አንገቱን አጥፎ የሚበር ካያችሁ ክሬንም ሽመላም አይደለም፣ ከነጭና ከግራጫ ሳቢሳዎቹ ወገን ነው። ይሄኛው ግራጫ ክሬን ዛፍ ላይ አያርፍም፣ ስለዚህ «ዋርካ ላይ 30 ክሬን» የሚል መልእክት ሲደርሰኝ በትህትና ደግማችሁ እዩት እላለሁ።

ወጣቶቹን ለይታችሁ ብትቆጥሩ ደግሞ ሌላ እውቀት ነው። የዘንድሮ ልጅ ጭንቅላቱ ቡናማ ነው፣ የአንገቱ ጥቁርና ነጭ ገና አልወጣም፣ የመጀመሪያውን በጋ ከእናትና ከአባቱ ጋር ነው የሚያሳልፈው። ሁለት ትልልቅና አንድ ቡናማ ራስ አብረው ሲለቅሙ ካያችሁ ቤተሰብ ነው። መቶ ወፍ ውስጥ ስንት ወጣት እንዳለ ብትጽፉ፣ ያ ዓመት እዚያ ሰሜን ላይ እንዴት እንደነበረ ከጣና ዳር ሆናችሁ አወቃችሁ ማለት ነው።

«ባለ ዘውዷም ከውጭ ነው የምትመጣው»

አይደለም፣ እሷ የአገር ልጅ ናት። ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬን ጣና ዙሪያ ይኖራል፣ ረግረጉ በውሃ ሲሞላ በክረምት እንቁላል ይጥላል። ዛፍ ላይም ያድራል። ሐምሌ ላይ የመጣው ወዳጄ እሷን ፈልጎ ቢሆን ኖሮ ይቀናው ነበር። የኡጋንዳ ባንዲራ ላይ ያለችው የቅርብ ዘመዷ ናት እንጂ እሷ አይደለችም፤ ያቺኛዋ አንገቷ ግራጫ ነው። ሌላም አለ፣ ጉንጩ ስር ሁለት ሥጋ የተንጠለጠለበት ነጭ አንገት ያለው ትልቅ ክሬን። እሱም ነዋሪ ነው፣ በቁጥር ግን በጣም ጥቂት ነው። ሁለቱም በዓለም ደረጃ ለአደጋ ተጋላጭ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። ከአውሮፓ እንግዶች ጋር ደባልቃችሁ «ክሬን፣ 600» ብላችሁ ስትልኩ እነዚህ ጥቂቶቹ ከቁጥሩ ውስጥ ይጠፋሉ። እባካችሁ ለየብቻ ጻፏቸው።

«መቁጠር ማለት እያንዳንዷን መቁጠር ነው»

እንደዚያ ቢሆን ማንም አይቆጥርም ነበር። በጥሩ ዓመት ጣና ዙሪያ የሚያድሩት ክሬኖች በአስር ሺዎች ናቸው። የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው። መጀመሪያ 10 ወፍ በትክክል ቁጠሩ። 10ሩ ምን ያህል ቦታ እንደያዙ ዓይናችሁ ይልመድ። ከዚያ በዚያው መጠን እስከ 100 ሂዱ፣ ከዚያ መቶውን እንደ አንድ ቁራሽ ይዛችሁ መንጋው ላይ እየደረደራችሁ እለፉ። ዓይን መንጋ ሲበዛበት ማሳነስ ይቀናዋል። አንድ ማታ እኔ 700 ያልኩትን መንጋ ፎቶው ላይ ነጥብ እያደረግን ስንቆጥረው ከሺህ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ግምቴን «ግምት» ብዬ እጽፋለሁ፣ ማንም ሊያፍርበት የሚገባ ነገር አይደለም።

የሚቆጠርበት ሰዓትም ወሳኝ ነው። ክሬን ቀን ቀን እርሻ ላይ ይውላል፣ ማታ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድራል። ጅብም ቀበሮም ውሃውን ሳያንቦጫርቅ ሊደርስበት ስለማይችል ነው። ስለዚህ የምናምነው ቁጥር ከማደሪያው የሚገኘው ነው፣ ወይ ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ሲነሱ ወይ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሲገቡ። ረፋድ ላይ ፎገራ ሜዳ 2,000 ቆጥሮ፣ ማታ እዚያው ፎገራ ባሉት ሸሸር ወይም ወላላ ረግረጎች ላይ ደግሞ 2,000 ቆጥሮ «ድምሩ 4,000» የሚል ሰው አንዱን ወፍ ሁለቴ ቆጥሯል።

«ካምናው አነሰ፤ አለቁ ማለት ነው»

ይህን ሰምቼ እኔም የደነገጥኩበት ዓመት አለ። ጣና ግን እንደ ባልዲ ውሃ ባለበት የሚቆም ሐይቅ አይደለም። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፣ ዳሩ ደግሞ ብዙ ቦታ ላይ ሜዳ ነው። ውሃው ትንሽ ከፍ ሲል ትናንት ያደሩበት ጭቃ ዛሬ ይሰጥማል። ትንሽ ሲወርድ ሌላ ቦታ አዲስ ጭቃ ይወጣል። ዝናቡ አለ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ግድብ ላይ የሚለቀቀው ውሃ አለ፣ የባሕር ሸሽ መሬቱ (ሐይቁ ሲሸሽ የሚታረሰው) መቼ እንደታረሰ አለ። ወፎቹ ከፎገራ ወደ ደንቢያ፣ ከደንቢያ ወደ ግልገል ዓባይ ደለል ሲዛወሩ እኛ ባለንበት «ጠፉ» እንላለን። ለዚህ ነው ብዙ ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በየቦታው ቆሞ የሚቆጥረው። ዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራም ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየዓመቱ በፈረንጆች ጃንዋሪ አጋማሽ የሚካሄደው በዚሁ ምክንያት ነው። ለእኛ ከጥምቀት ትንሽ ቀደም ብሎ ማለት ነው። ወፎቹ ያኔ ብዙ አይንቀሳቀሱም። የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። አስር ዓመት ከአንድ ቦታ የተሰበሰበ ቁጥር ሲወርድ ግን ያኔ መደንገጥ ተገቢ ነው።

«ምንም ካላየሁ ምን ልላክ?»

ዜሮ ላኩ! ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ምን ያህል እንደቆያችሁ፣ እና «0»። ይህን ለማስለመድ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ሰው ባዶ እጁን የተመለሰበትን ጠዋት መናገር ይከብደዋል። ሆኖም ዳክዬ የነበረበት ኩሬ ባዶ መሆኑን የሚናገር ከሌለ፣ በኋላ መዝገቡን የሚያየው ሰው ወፉ አልነበረም ወይስ ማንም አልሄደም የሚለውን መለየት አይችልም።

«እህላችንን ይጨርሱታል»

እዚህ ላይ ገበሬውን የሚንቅ መልስ አልወድም። ክሬን አብዛኛውን ጊዜ አጨዳው ካለቀ በኋላ የረገፈ ሩዝና በቆሎ፣ ትልና ፌንጣ ነው የሚለቅመው። ያ ጉዳት የለውም። አዲስ የተዘራ ሽምብራ ወይም ጓያ ላይ ብዙ ሆኖ ካረፈ ግን ጉዳት ያደርሳል፣ እውነት ነው። ባሕር ሸሽ ላይ የዘራ ሰው ልጆቹን ጠባቂ አድርጎ ቢልክ አልፈርድበትም። ለመቁጠር ስንሄድ ማሳ ውስጥ አንግባ፣ ባለቤቱን «እንዴት ዋሉ አባባ፣ እንዴት ነው ዘንድሮ?» እንበል። ብዙ ጊዜ የትኛው ማሳ ላይ መቼ እንዳረፉ ከእኛ በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

«እምቦጭ ለወፍ መልካም ነው፣ ወፍ ሲሄድበት እናያለን»

ጣቱ የረዘመው፣ ቅጠል ላይ የሚራመደው ቡናማ ወፍ እምቦጭ ላይ ይታያል፣ አይካድም። እሱ ግን ድሮም የውሃ አበባ ቅጠል ላይ ይራመድ ነበር። እምቦጭ ጣና ላይ በፈረንጆች 2011 ከታየ ወዲህ የሸፈነው ዳር ዳሩን ነው፣ ያ ደግሞ ዳክዬ የሚበላበትና ክሬን ቆሞ የሚያድርበት ውሃ ነው። ፔሊካን መንጋውን አሰልፎ ዓሣ የሚከብበት ክፍት ውሃ ይፈልጋል። ዓሣ በል ንስር ከላይ የሚያየው ዓሣ ይፈልጋል። አንድ ወፍ ተመቸው ማለት ሐይቁ ተመቸው ማለት አይደለም።

ስለ መነጽር ባጭሩ፦ «ውድ መነጽር ከሌለኝ አልችልም» የሚሉ አሉ። ትችላላችሁ። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ በሚያርዱበት ዳርቻ ፔሊካን አጠገባችሁ ይመጣል፣ አባ ኮዳም እዚያው ይቆማል። ከዚያ ጀምሩ።

«እግሩ ላይ ቀለበት ያለው ወፍ የሰላይ ነው»

አንዳንዱ ጀርባው ላይ ትንሽ መሣሪያ አለው፣ ይሄ ሰውን ያስፈራል። ይገባኛል። እነዚህ ግን ጫጩት ሳሉ ተመራማሪዎች የሚያስሩላቸው መለያዎች ናቸው። ከፊንላንድና ከኢስቶኒያ የተነሱ ክሬኖች በቱርክና በእስራኤል በኩል ኢትዮጵያ መድረሳቸው የታወቀው በዚህ ነው። ስለዚህ ባለ ቀለበት ክሬን ካያችሁ አታባርሩት፣ ለመያዝም አትሞክሩ። የግራ እግሩን ከላይ ወደ ታች፣ ቀጥሎ የቀኙን፣ ቀለሞቹን በቅደም ተከተል ጻፉ። አንድ ቀለም ካልታያችሁ «አልታየኝም» ብላችሁ ጻፉ እንጂ አትገምቱ። ፎቶ ካለ ላኩ። ከየት እንደተነሳና በስንት ዓመቱ ጣና እንደደረሰ መልሱ ሲመጣ ለላኪው ቀድሜ እደውላለሁ።