ዌብቱን፦ በጣት እየተሳበ የሚነበብ ልብወለድ

ዌብቱን በስልክ ላይ ከላይ ወደ ታች እየተሳበ የሚነበብ የሥዕል ታሪክ ነው። የተወለደው ደቡብ ኮሪያ ነው። ስሙ «ዌብ» እና «ካርቱን» ከሚሉት ቃላት ተዳቅሎ የወጣ ነው። የሥዕል ታሪክ በእንግሊዝኛ «ኮሚክ» ይባላል። እኛ አገር ግን «ኮሚክ» ሲባል ቶሎ የሚመጣብን ቀልደኛ ሰው ስለሆነ፣ በሥዕል የሚነገር ታሪክም የልጆች መሳቂያ ተደርጎ ይታለፋል። ይህ ያሳዝነኛል። ስለ እርጅና፣ ስለ ጭፍጨፋ፣ ስለ እንጀራ ፍለጋ በዚህ መንገድ የተነገሩ ታሪኮች ከጥሩ ልብወለድ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ ይገባቸዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኢንተርኔት ላይ የሥዕል ታሪክ ማውጣት የጀመሩት አሜሪካኖች ናቸው። የመጀመሪያው የቱ ነው የሚለው ያከራክራል፤ አንዳንዱ 1985ን ይጠራል፣ ሌላው የ1990ዎቹን መጀመሪያ። በ2000 ስኮት ማክላውድ የተባለ አሜሪካዊ ካርቱኒስት ስክሪን እንደ ወረቀት ጠርዝ እንደማያጥረው፣ ታሪኩም እስከፈለገው ድረስ ሊዘረጋ እንደሚችል በመጽሐፉ ጽፎ ነበር። ነገሩን አገር ምድሩ የሚያነበው ሥነ ጽሑፍ ያደረጉት ግን ያለጥርጥር ኮሪያዎቹ ናቸው።

በ1997 የእስያ የገንዘብ ቀውስ ኮሪያን ሲመታ የታተሙ የሥዕል መጻሕፍት ገበያም አብሮ ተንኮታኮተ። ፈጣን ኢንተርኔት ግን በየቤቱ እየገባ ነበር። ዳውም የተባለው የኢንተርኔት ድርጅት በ2003 የዌብቱን ገጽ ከፈተ። ተቀናቃኙ ናቨር ብዙም ሳይቆይ ተከተለው። ዳውም ላይ በመጀመሪያው ዓመት የገነነው ካንግ ፉል በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ሰው ነው። ለጋዜጦችና ለመጽሔቶች ማመልከቻ ቢልክ ቢልክ የሚቀበለው አጥቶ፣ በ2002 የራሱን ድረ ገጽ ከፍቶ ብቻውን ሥዕሎቹን ያወጣ ነበር። እጁ ለሥዕል ያን ያህል አይደለም ይባላል። ይሁን። ታሪክ አነጋገሩን ግን የሚያክለው የለም።

በ2007 ያወጣውን የሽማግሌዎች ፍቅር እንይ። አንድ ቁጡ አዛውንት ጎህ ሳይቀድ በሞተር ሳይክል ወተት ያድላሉ። ዳገቱ ላይ አንዲት አሮጊት የወዳደቀ ወረቀት ሰብስበው በጋሪ ይጎትታሉ። ሴትዮዋ የቤተሰብ ስም እንጂ የራሳቸው ስም የላቸውም። ስም የሚያወጡላቸው አዛውንቱ ናቸው። ፍቅራቸውን ሲገልጹም ባልና ሚስት የሚጠራሩበትን የተለመደ ቃል አይጠቀሙም፤ እሱን ለሞቱት ሚስታቸው ትተውታል። ለአዲሷ ሌላ፣ ከበድ ያለ የአክብሮት ቃል ይፈልጋሉ። የታሪኩ ርዕስም ከዚያች አባባል የመጣ ነው። አንቺና እርስዎን ለይቶ ለሚናገር ለእኛ አንባቢ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ «26 ዓመት» ወጥቷል። በግንቦት 1980 ጓንግጁ በተባለች የደቡብ ኮሪያ ከተማ ውስጥ ወታደሮች ሰልፈኞችን ፈጁ። ታሪኩ የሟቾቹ ልጆች ከ26 ዓመት በኋላ ተፈላልገው፣ ለዚያ ደም ተጠያቂ የሚሉትን የቀድሞ ፕሬዚዳንት ለመግደል ሲያሴሩ ያሳያል። ሰውየው በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበር! ወደ ፊልም ሊቀየር ሲል በ2008 ገንዘብ አቅራቢዎች አፈገፈጉ። የፖለቲካ ግፊት አለበት የሚሉ ነበሩ። በመጨረሻ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ከኪሳቸው አዋጥተው ፊልሙ በ2012 ወጣ፣ የለጋሾቹም ስም ፊልሙ ሲያልቅ ተዘርዝሮ ያልፋል።

ሁለተኛው ትልቅ ስም ዩን ቴሆ ነው። በ2012 የጀመረው «ሚሴንግ» ለእኔ የዘርፉ ቁንጮ ነው። ጃንግ ግሬ የተባለ ወጣት ከልጅነቱ ጀምሮ ባዱክ ሲጫወት ያደገ ነው። ባዱክ በጥቁርና በነጭ ጠጠር የሚደረግ የሰሌዳ ጨዋታ ነው። ፕሮፌሽናል ተጫዋች መሆን ሳይሳካለት ይቀርና በሰው በሰው አንድ የንግድ ኩባንያ ውስጥ ይገባል። ዲግሪ የለውም፣ ፎቶ ኮፒ እንኳ ማንሳት አያውቅም። የታሪኩ አሠራር ግሩም ነው። በ1989 በተደረገ እውነተኛ የባዱክ ሻምፒዮና የመጨረሻው ጨዋታ በ145 እርምጃ አልቋል፤ ዌብቱኑም 145 ክፍል አለው፣ እያንዳንዱም ክፍል በአንድ እርምጃ ይከፈታል። ርዕሱ ራሱ ገና ሕይወት ያላገኘ ጠጠር ማለት ነው። በ2014 የቴሌቪዥን ድራማ ሲሆን አገሩ ሁሉ ስለ ኮንትራት ሠራተኛ ማውራት ጀመረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ መንግሥት ስለ ኮንትራት ሠራተኞች ያቀረበውን ዕቅድ ሕዝቡ «የጃንግ ግሬ ሕግ» አለው።

አነባበቡ ለምን እንዲህ ይይዛል? በወረቀት ላይ ዓይናችን ገጹን በሙሉ አስቀድሞ ያየዋል። እዚህ ግን የሚቀጥለው ሥዕል ከጣታችን በታች ተደብቋል። ደራሲው ዝምታ ሲፈልግ በሁለት ሥዕሎች መሃል ረጅም ባዶ ነጭ ይተዋል፣ አንባቢውም ያን ዝምታ በጣቱ እየሳበ ያልፈዋል። የአንድ ሰው መውደቅ ወደ ታች በረዘመ አንድ ሥዕል ይሳላል፤ እኛም አብረነው እንወርዳለን። ሆራንግ የሚባለው ደራሲ በ2011 ባወጣው አስፈሪ ታሪክ ደግሞ፣ አንባቢው ቀስ እያለ ሲስብ ቆይቶ ድንገት ገጹ በራሱ ይሮጥና መንፈሷ ፊቱ ላይ ትመጣበታለች። ስልኩን የወረወረ ብዙ ነው ቢባል አልጠራጠርም።

ታሪኮቹ በሳምንት አንድ ክፍል ይወጣሉ፣ ሥር ሥሩ አንባቢው ኮመንት ይጽፋል። ብዙዎቹ በነጻ ይነበባሉ፤ መጠበቅ ያቃተው ከፍሎ ቀጣዩን ያያል። ሥራው ግን ሰው ይበላል። በዓለም ዙሪያ የታወቀው «ሶሎ ሌቨሊንግ» የተባለው ዌብቱን ሠዓሊ ጃንግ ሱንግራክ በሐምሌ 2022 በ37 ዓመቱ አረፈ። ስቱዲዮው ሥር የሰደደ ሕመም ነበረበት አለ። ሞቱ የሠዓሊዎቹን የሥራ ጫና እንደገና አነጋጋሪ አደረገው።

ናቨር በ2014 ዌብቱን በእንግሊዝኛም ማውጣት ጀመረ። በ2024 የዌብቱን ድርጅቱ አክሲዮን ናስዳክ በተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ላይ መሸጥ ጀመረ። የኒውዚላንዷ ሬቸል ስማይዝ በዚሁ መድረክ ባወጣችው ሥራ በ2022 አይዝነር የተባለውን የአሜሪካ የሥዕል ታሪክ ሽልማት አግኝታለች።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በ2018 ኢታን ኮሚክስ የተባለ አሳታሚ «ጀምበር»ን አወጣ። ደራሲው በሰራት ደበበ ነው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ኮሚክ ተብሎ ይጠራል፤ በአማርኛም ይነበባል። አሠራሩ ገጽ በገጽ ነው፣ እንደ ዌብቱን አይሳብም። በተከታታይ ሥዕል መተረክ ራሱ ግን ለእኛ አዲስ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሸራ ላይ የሚስሉት ሠዓሊዎቻችን ብዙ ጊዜ በ44 ሳጥን ይከፍሉታል። በየሳጥኑ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ በአማርኛ ይጽፉበታል። የሚነበበውም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ረድፍ በረድፍ እየወረዱ ነው።