«ወፍሮ አይደለም፣ ፀጉሩ ነው» እና ሌሎች ስለ ድመት የሰለቹኝ ወሬዎች

ሰሞኑን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰው ይቺኑ ነገር ነገረኝ፣ ሦስቱም እርግጠኛ ሆነው። ሚዛኑ 6 ኪሎ ከ800 ይላል፣ ባለቤቱ ደግሞ «ዶክተር ፀጉሩ ነው እኮ» ይላል። ወገን፣ ሺራዚ (ፐርሺያን ምትሉት ባለ ረጅም ፀጉር) ድመት ከአናቱ እስከ ጭራው ብትላጩት የሚወርደው ፀጉር ፌስታል ሊሞላ ይችላል፣ ክብደቱ ግን የግራም ነገር ነው። አንድ ሺራዚ እንደ አጥንቱ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ተኩል ቢሆን ደህና ነው። ከዛ በላይ ያለው በአብዛኛው ስብ ነው፣ በቃ።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የውሻና የድመት ሐኪም ነኝ። ድሮ ወደኛ የሚመጣው ድመት ወይ የአይጥ መርዝ በልቶ ወይ መኪና ገጭቶት ነበር፣ አሁን ግን ሰው ከአረብ አገር ሲመለስ ይዞት የሚመጣው፣ እዚህም ተራብቶ የሚሸጠው ሺራዚ በዝቷል። ወሬውም አብሮት በዝቷል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ባለ ረጅም ፀጉር ድመት በዓይን አይታይም፣ በእጅ ነው የሚታየው። ከስቶም ያው ኳስ ነው፣ ወፍሮም ያው ኳስ ነው። ጣታችሁን ፀጉሩ ውስጥ ክተቱና ጎኑን ዳብሱት። አሁን መዳፋችሁን ዘርግታችሁ በሌላ እጃችሁ የእጃችሁን ጀርባ ንኩ፣ ከጣቶቹ የሚመጡት አጥንቶች በስሱ ይሰማሉ አይደል? የድመቱም የጎን አጥንት እንደዛ ከተሰማችሁ ጥሩ ነው። ጨብጣችሁ ጉልህ ጉልህ የሚለውን የቡጢ አጥንት ከመሰለ ከስቷል። የመዳፋችሁን ውስጥ ከመሰለ ደግሞ ወፍሯል፣ ፀጉር ምናምን እንዳትሉኝ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ድርቀት ነው፣ ዘይት ሰጥተነዋል»።

ድመቱ መጸዳጃ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አሸዋ ላይ ይወጣል፣ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ምንም ሳይወጣ ይወርዳል፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ ይወጣል። ይጮሃል። ብልቱን ይልሳል። ሰው ይሄን ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት ሆድ ድርቀት ነው፣ ምክንያቱም የሚያምጥ ሰው የሚያውቀው እንደዛ ነው። ከዛ የምግብ ዘይት፣ የጉሎ ዘይት፣ ተልባ በጥብጦ በሲሪንጅ የጋተ ሰው ሁሉ አጋጥሞኛል። አሸዋውን ግን ያየ የለም። አሸዋው ደረቅ ነው! ከትናንት ጀምሮ አንዲት የረጠበች ቦታ የለችበትም!

የወንድ ድመት የሽንት መውጫ ቱቦ ወደ ጫፉ ሲሄድ በጣም ይጠባል። እዛች ጠባብ ቦታ ላይ የሚሰካው ነገር ብዙ ጊዜ ድንጋይ እንኳን አይደለም፣ ከደቃቅ ክሪስታልና ከንፍጥ መሳይ ነገር የተሰራ ደለል ነው፣ ስናወጣው የደረቀ የጥርስ ሳሙና ይመስላል። ቱቦው ሲዘጋ ፊኛው ይነፋል፣ ሽንቱ ወደ ኋላ ኩላሊቱን ይገፋል፣ መውጣት የነበረበት መርዝና ፖታሲየም ደም ውስጥ ይከማቻል። ልብን የሚያቆመው ያ ፖታሲየም ነው። ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በ24 ሰዓት ውስጥ ታሟል፣ በ48 ሰዓት አደጋ ላይ ነው፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ብዙዎቹ የሉም። «ነገ እናየዋለን» የምትባል ነገር እዚህ ጋ አትሰራም፣ «ሰኞ እናመጣዋለን» ጭራሽ።

ይሄን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ቅዳሜ ማታ ስልክ ተደወለልኝ፣ «ዶክተር ድርቀት ይዞታል መሰለኝ»። እኔም ድካም ላይ ነበርኩ፣ ትንሽ ዘይት ስጡትና ሰኞ ጠዋት አምጡት አልኩ። ወንድ ነው ሴት ብዬ እንኳን አልጠየቅኩም። ሰኞ በካርቶን ይዘውት መጡ፣ አካሉ ቀዝቅዟል፣ ልቡ በደቂቃ 80 ገደማ ይመታል፣ የድመት ልብ ሐኪም ቤት ሲገባ በፍርሃት 180 እና 200 የሚመታ ነው። ፊኛውን ስነካው ብርቱካን ነው፣ ጠንካራ ብርቱካን። ቱቦ ሳናስገባለት ጠረጴዛው ላይ ሞተ። ከዛን ጊዜ ወዲህ ስልክ ላይ «ድመቴ ያምጣል» ያለኝን ሰው ሁሉ ሰላምታውን ሳልጨርስ «ወንድ ነው?» ነው የምለው፣ ጨዋነት የጎደለኝ የሚመስላቸው አሉ፣ ይሁን።

ሴት ድመትም ታምጣለች፣ ያማታል፣ ደም የቀላቀለ ትሸናለች፣ ግን ቱቦዋ ሰፋ ስለሚል መዘጋት እሷ ላይ ብርቅ ነው። ወንድ ከሆነ፣ አሸዋው ደረቅ ከሆነ፣ ማስታወክ ወይም አልጋ ስር መደበቅ ከጀመረ በዚያው ሰዓት ተነሱ። ሆዱን ግን እንዳትጨምቁት፣ የተነፋ ፊኛ ይፈነዳል። ሕክምናው ማደንዘዣ፣ ስስ ቱቦ፣ ማጠብ፣ ግሉኮስ ምትሉት የደም ስር ፈሳሽ፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ሦስት ቀን መተኛት ነው። ርካሽ አይደለም፣ አውቃለሁ።

«አንቲባዮቲክ ይወጋልኝ»። ወጣት ድመት ላይ የሽንት ችግር በባክቴሪያ የሚመጣው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱ በአብዛኛው የሽማግሌ ድመት ጉዳይ ነው፣ ከ10 ዓመት በላይ። አብዛኛው ወጣት ፊኛው ያለ ጀርም ነው የሚቆጣው፣ ከጭንቀት ጋር የተያያዘ ነገር ነው። አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ገዝታችሁ ሰጥታችሁ በአምስተኛው ቀን የዳነው፣ ካልተዘጋ፣ ባትሰጡትም በአምስተኛው በስድስተኛው ቀን ይድን ነበር። ሽንቱ ይመርመርና እንወቅ እንጂ። ክሪስታሉም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም፣ ስትሩቫይት የሚባለው በልዩ ምግብ ይሟሟል፣ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለው ግን በምግብ አይሟሟም፣ ድንጋይ ከሆነ በኦፕራሲዮን ነው የሚወጣው። ስለዚህ «የጎረቤቴ ድመት በዚህ ምግብ ድኗል» ብላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የናንተ ድመት የቱን እንደያዘ ይታወቅ።

«ተናዶብኝ ነው አልጋዬ ላይ የሸናው»። ድመት ጌታዬ ዓይኑ ይጥፋ ብላ ትመኛለች እየተባልን ስላደግን ይመስለኛል ድመት ላይ ክፋት ማየት የሚቀለን። ሱልጣንን ልንገራችሁ። ዱባይ ኖረው የተመለሱ አንዲት እናት ናቸው ባለቤቱ፣ 7 ኪሎ ከ100፣ ነጭ ሺራዚ። ለፋሲካ እንግዳ ይመጣል ተብሎ አሸዋው ከሳሎን ጥግ ተነስቶ ጓሮ፣ በጉ የታሰረበት አጠገብ ተቀመጠ። ሱልጣን በዓሉን ሙሉ እዛ አልወጣም፣ ያዘ ያዘና እማማ ጋቢ ላይ ሸናው። «ልጆቹን ስላቀፍኩ ቀንቶ ነው» አሉኝ። አገላብጬ ሳየው የኋላ ፀጉሩ በሽንት ረጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ረጥቦ ድሬድ ሆኗል፣ ከወገቡ በታች ያለው ደግሞ እንደ ሰሌን ነው፣ አንድ ወጥ። ከስሩ ያለው ቆዳ ቀልቷል፣ ቆስሏልም።

እዚህ ጋ ነው ሦስቱ ነገር፣ ውፍረቱ፣ ፀጉሩና ሽንቱ፣ አንድ የሚሆነው። የወፈረ ድመት ወገቡንና ቂጡን መላስ አይደርስም፣ ይሞክራል ይወድቃል። ካላሰ ፀጉሩ ይቋጠራል። የተቋጠረ ፀጉር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቆዳውን ይጎትተዋል፣ ስለዚህ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ይወፍራል፣ አሸዋው ጋ መሄድም ይሰለቸዋል፣ ሽንቱን ይይዛል። ውፍረት፣ ቤት ውስጥ ተዘግቶ መዋልና ትንሽ ውሃ ደግሞ ፊኛው እንዲቆጣ በር ይከፍታሉ። ሰው ግን ለፀጉሩ አንዱ ጋ፣ ለሽንቱ ሌላው ጋ ይሄዳል፣ ለውፍረቱ የትም አይሄድም።

አሸዋውን በተመለከተ፣ የሳጥኑ ብዛት የድመቶቻችሁ ቁጥር ሲደመር አንድ፣ ፀጥ ያለ ቦታ፣ በየቀኑ የሚጸዳ። ለወፍራሙ ደግሞ ሳጥኑ አንድ ጎኑ ዝቅ ያለ ይሁን።

«ተቋጥሯል፣ በሻምፖ እናጥበዋለን»። ውሃ ቋጠሮን ያጠብቃል። መጀመሪያ ማበጠር ነው፣ ከዛ ነው ማጠብ፣ እሱም ካስፈለገ።

«በመቀስ ቆረጥ ቆረጥ ማድረግ ነው»። ኧረ በፈጣሪ! የድመት ቆዳ ስስ ነው፣ ቋጠሮው ከፍ አድርጎ ይዞት ይመጣል፣ ፀጉር ቆረጥኩ ስትሉ ቆዳ ቆርጣችኋል። እንደዛ ሆኖ የመጣ ስንቱን ሰፋሁ። ቋጠሮው በጣት ከተፈታ ፍቱት፣ ካልተፈታ ከስሩ በማሽን ይላጭ፣ ሰውነቱን ሁሉ ከያዘው በማደንዘዣ እኛ ጋ ይላጫል። የሚያስፈልጋችሁ ለስላሳ ብሩሽ አይደለም፣ እሱ ከላይ ከላይ አሳምሮ ያታልላችኋል። ጥርሱ ሰፋ ያለ የብረት ማበጠሪያ፣ የድሮውን ሚዶ የሚመስል ግን ጥርሱ ጫፉ የደነዘዘ፣ ከቆዳው ጀምሮ ወደ ላይ። በየቀኑ አምስት ደቂቃ። ብብቱ፣ ከጆሮው ጀርባ፣ የእግሩ መሀል፣ ሱሪ የሚመስለው የኋላው ፀጉር፣ ሰው የሚረሳቸው እነዚህ ናቸው። ሽንት የሚነካውን የኋላ ፀጉር አሳጥራችሁ አስላጩት፣ አያምርም ካላችሁ የሽንት ቁስልም አያምርም።

«ሙቀት ስለሆነ ሙልጭ አድርገን ላጨነው»። አዲስ አበባ ላይ? ማታ ማታ እኛ ራሳችን ብርድ ልብስ ደርበን የምንተኛበት ከተማ ላይ? የተበጠረ ፀጉር ከብርድም ከፀሐይም ይከላከልለታል፣ ለአየር ንብረት ብላችሁ አትላጩት።

«ወተት ለድመት»። አብዛኛው ትልቅ ድመት የወተቱን ስኳር አይፈጭም፣ ተቅማጥ ነው ትርፉ። የማያስቀምጠው ደግሞ ይወፍራል። አንድ ብርጭቆ፣ 200 ሚሊ ሊትር ሙሉ ስብ ያለው ወተት 125 ካሎሪ ገደማ አለው፣ ቤት የሚውል የተኮላሸ 4 ኪሎ ድመት ለቀኑ ሙሉ የሚያስፈልገው 200 እና ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ግማሽ ቀኑን ጠጣው ማለት ነው፣ እናንተ ግን «ምንም አይበላም እኮ» ትሉኛላችሁ።

ውሃ ይጠጣ ከተባለ ውሃ ስጡት። ደረቅ ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ 10 ከመቶ አካባቢ ነው፣ የቆርቆሮው ውስጥ ከ75 ከመቶ በላይ። ድመት ዘሩ ከበረሃ ስለሆነ ሳይጠማው የመጠጣት ልማድ የለውም፣ ስለዚህ ውሃውን በምግቡ አስገቡለት። የቆርቆሮው ዋጋ ካልቻላችሁ ደረቁን በሞቀ ውሃ አርሱት፣ ወይም ዶሮ የተቀቀለበት ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት። ሽንኩርት ነው ያልኩት! ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመት ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፣ የወጥ መረቅ ሰሀን የምታስልሱ ሰዎች ስሙኝ።

«ስላኮላሸነው የሽንት ቱቦው ጠቦ ነው»። አልጠበበም፣ ተለክቷል። ከተኮላሸ በኋላ የሚያስፈልገው ምግብ ይቀንሳል፣ ሩብ ያህል እንኳን ሊቀንስ ይችላል፣ እናንተ ግን ሰሀኑን አልቀነሳችሁም፣ ስለዚህ ወፈረ።

«ወፍሯል ከተባለ ሁለት ሦስት ቀን ይራብ»። ይቺ ትገድላለች። የወፈረ ድመት ሁለት ሦስት ቀን ካልበላ ስቡ ወደ ጉበቱ ይጎርፋል፣ ጉበቱ ይዘጋል፣ ዓይኑና ድዱ ቢጫ ሆኖ ነው የምታመጡት። መቀነስ ያለበት በሳምንት ከክብደቱ አንድ ከመቶ አካባቢ ነው፣ የ7 ኪሎው 70 ግራም ማለት ነው፣ ቀስ ብሎ፣ ከግማሽ ዓመት በላይ። ደረቅ ምግብ ከሆነ 55 ግራም ገደማ ብዙ ጊዜ ወደ 200 ካሎሪ ነው፣ በኩሽና ሚዛን ለኩ፣ በእፍኝ አይደለም፣ የእማማ እፍኝና የልጅ ልጃቸው እፍኝ አንድ አይደለም። ሱልጣን ቤት ሦስት ሰው ነበር የሚያበላው፣ ሦስቱም «እኔ ብቻ ነኝ የምሰጠው» ይሉ ነበር። ጠዋት የቀኑን ለክተው በአንድ ጣሳ አስቀመጡ፣ ጣሳው ካለቀ አለቀ። በስምንት ወር 5 ኪሎ ከ400 ገባ፣ ወገቡን ራሱ ይልሳል።

«ጾም ስለሆነ ሽሮ እየበላ ነው»። የሰው ጾም ነው። ድመት ያለ ሥጋ አይኖርም፣ ታውሪን የሚባለውን ነገር ከሥጋ ካላገኘ ልቡ ይለጠጣል፣ ዓይኑም ይታወራል። ሉካንዳ ሲዘጋ ደረቅ ምግብ ቀድማችሁ ግዙ። ሳንባ ብቻውን ዓመት ሙሉ መስጠትም አይሆንም፣ ካልሲየም የለውም።

«ፀጉሩ ነው አስም የሚያመጣው»። አለርጂ የሚቀሰቅሰው ምራቁና ቆዳው ላይ ያለ ፕሮቲን ነው፣ ፀጉሩ ተሸካሚ ነው።

«ስላመመው ፓራሲታሞል ሰጠሁት»። አንድ ባለ 500 ፍሬ ድመት ይገድላል። ከሰጣችሁ ይሄን ማንበብ ትታችሁ ይዛችሁት ኑ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሰጣችሁት አስታውሱ፣ ፓኬቱንም ያዙ።