ኢላን መስክ በጅማ ቡና ላይ፦ ስለ ሮኬቱ፣ ስለ ሰማዩ ኢንተርኔትና ስለ መኪናው የሚደረገው ክርክር

ጅማ ውስጥ ክርክር የሚደምቀው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ጀበና ዙሪያ ነው፣ ሌላው በርጫ ላይ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳ ሰሞን ከኳስ ሌላ ወሬ አልነበረም። አሁን ከኳሱና ከቡና ዋጋ ቀጥሎ አንድ የሩቅ ሰው ጨዋታው መሀል ዘው እያለ ይገባል። ኢላን መስክ። አንዱ «የዘመኑ ሊቅ» ይለዋል። ሌላው «በሰው ገንዘብ የሚጫወት ወሬኛ» ይለዋል። ሁለቱም ማስረጃ አያጡም። ክርክሩ የማያልቀውም ለዚህ ነው።

እኔ የሱን ኩባንያ መኪና ጅማ መንገድ ላይ አይቼ አላውቅም። ሮኬቱንም የማየው እንደ ማንኛውም ሰው ስልኬ ላይ ነው። ግን ሰውየው የሚነካካው ነገር ሁሉ በሆነ መንገድ ዞሮ እኛ ጋ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በሌላ ሰው እጅ ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ሰውየው የማን ነው?

ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚጀመረው «አፍሪካዊ ነው እኮ!» በሚል ነው። መስክ ሰኔ 1971 ደቡብ አፍሪካ፣ ፕሪቶሪያ ተወለደ። በአፓርታይድ ዘመን ከነጮቹ ወገን ሆኖ አደገ። በ17 ዓመቱ ወደ ካናዳ ሄደ፤ ከዚያ አሜሪካ ገባ። ስለዚህ «የአህጉራችን ልጅ» የሚለውን ሰው ወዲያው «የየትኛው ወገን ልጅ?» ብሎ የሚያቋርጠው አይጠፋም። የደቡብ አፍሪካ ሕግ የቴሌኮም ፈቃድ የሚፈልግ ኩባንያ 30 በመቶ ድርሻውን በአፓርታይድ ለተበደሉ ወገኖች እንዲሰጥ ይጠይቃል። የሳተላይት ኢንተርኔቱ ስታርሊንክ እዚያ ፈቃድ ባያገኝ መስክ በ2025 «ጥቁር ስላልሆንኩ ነው የከለከሉኝ» አለ። ይህች አባባል እኛ ዘንድ ብዙ ደጋፊ አስከፍላዋለች።

የኤሌክትሪክ መኪና ሠሪውን ቴስላን የመሠረተው እሱ ነው የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። ኩባንያውን በ2003 ያቋቋሙት ማርቲን ኤበርሃርድና ማርክ ታርፔኒንግ ናቸው። መስክ በ2004 ገንዘብ ይዞ መጣና የቦርድ ሊቀመንበር ሆነ። ሥራ አስኪያጅነቱን የያዘው በ2008 ነው። «መሥራች ማነው?» የሚለው ጉዳይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2009 በስምምነት አለቀ። አምስት ሰዎች መሥራች ተብለው ይጠሩ ተባለ። የኛ አገር የዕድር ጠብ ይመስላል።

ፖለቲካው ላይ ብዙ አልቆይም። በ2022 ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። በ2024 ለትራምፕ ምርጫ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰ። በ2025 መጀመሪያ የመንግሥት ወጪ ይቆርጣል የተባለውን ቡድን መራ፤ ግንቦት ላይ ወጣ፤ ሰኔ ላይ ከትራምፕ ጋር ተሰዳደበ። ለኛ የቀረበው ግን የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት የዩኤስኤአይዲ ጉዳይ ነው። ድርጅቱን እንጨት መፍጫ ማሽን ውስጥ እንደከተተው በኩራት ጻፈ። ኢትዮጵያ ከዚያ ድርጅት ብዙ እርዳታ ከሚቀበሉ የአፍሪካ አገሮች አንዷ ነበረች። ጅማ ደግሞ የጤና ባለሙያ የሚፈለፈልባት ከተማ ናት። በእርዳታ ፕሮጀክት ተቀጥሮ የሚሠራ ወንድም ወይም እህት የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ከዚያ ሰሞን በኋላ ስለ መስክ ሲወራ ሳቁ ቀነሰ። ሮኬቱን ያደነቁ የነበሩ አንዳንዶች ዛሬም ያደንቃሉ፤ ስሙን ግን አያነሱም።

ሮኬቱ

እዚህ ላይ ሲደረስ ድምፅ ከፍ ይላል።

ሮኬት ሠሪውን ስፔስኤክስን በ2002 የመሠረተው ራሱ መስክ ነው። ፋልከን 1 የተባለችው ሮኬት ከ2006 ጀምሮ ሦስት ጊዜ ተተኩሳ ሦስቴም ከሸፈች። ገንዘቡ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። መስከረም 2008 አራተኛዋ ምህዋር ገባች። በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ የግል ኩባንያ ሮኬት ምህዋር ሲደርስ የመጀመሪያው ነበር። «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» ይባላል። የሱ ተቃዋሚ የተረቱን የመጀመሪያ ግማሽ ይወስዳል፤ ደጋፊው ሁለተኛውን።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ናሳ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ውል ሰጠው። ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 12 ጊዜ ዕቃ እንዲያደርስ ነው። ታዲያ ኩባንያው የግል ነው ወይስ በመንግሥት ገንዘብ የቆመ? ተቃዋሚዎቹ ይህን ውል ያነሳሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ትክክል ነው። ገንዘቡ የመንግሥት ነው፣ ሥራውን ግን ሠርቶ አስረክቧል። አሜሪካ መንኮራኩሮቿን በ2011 ካቆመች በኋላ ጠፈርተኞቿን የምትልከው ከሩሲያ ወንበር እየገዛች ነበር። ግንቦት 2020 ሁለት ጠፈርተኞችን ከአሜሪካ ምድር ያስወነጨፈው ስፔስኤክስ ነው።

ዋናው ለውጥ ግን የሮኬቱ መመለስ ነው። ፋልከን 9 ታችኛው ክፍሉ ላይ 9 ሞተሮች አሉት። ውዱ ክፍል እሱ ነው። ድሮ ይህ ክፍል አንዴ ከሠራ በኋላ ባሕር ውስጥ ይወድቃል፣ አለቀ። አቦሉ በተቀዳ ቁጥር ጀበናውን እንደ መስበር ማለት ነው። ታኅሣሥ 2015 ግን ዞሮ በእግሩ ቆመ። መጋቢት 2017 ያገለገለው ተመልሶ በረረ። በ2024 ብቻ የፋልከን ሮኬቶች ከ130 ጊዜ በላይ ተተኩሰዋል። ይህን የሚክድ ተቃዋሚ እስካሁን አልገጠመኝም። የሚሉት «ሊሠሩት የቻሉት መሐንዲሶቹ ናቸው» ነው። እሱም ያስኬዳል።

ስታርሺፕ የተባለው ትልቁ ሮኬት ሌላ ታሪክ ነው። ቁመቱ ከ120 ሜትር ይበልጣል። ሚያዝያ 2023 መጀመሪያ ሲሞከር አራት ደቂቃ ያህል በርሮ ፈነዳ። ጥቅምት 2024 ግን ታችኛው ክፍል ከሰማይ ተመልሶ ሲወርድ ማማው ላይ ያሉት ሁለት የብረት ክንዶች ቀለቡት። ያን ቪዲዮ ቡና እየተቆላ ስናይ ቆይዋ እጇ ላይ ያለውን ረስታ ቡናው አረረ። ጥር 2025 ደግሞ ሌላው ፈንድቶ ፍርስራሹ ካሪቢያን ላይ ወረደ፤ አውሮፕላኖች መንገድ ቀየሩ። «የሰማይ ስባሪ» የምንለው ነገር እውነት ሆነ።

«የተራበ ሰው እያለ ማርስ ምን ያደርጋል?» የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። በ2021 የዓለም የምግብ ፕሮግራም ኃላፊ ዴቪድ ቢስሊ 6 ቢሊዮን ዶላር 42 ሚሊዮን ሰው ከረሃብ ያድናል ብለው መስክን ጠየቁት። «እንዴት እንደሆነ አሳዩኝ፣ አክሲዮን ሸጬ እሰጣለሁ» አለ። ዕቅዱ ወጣ። እሱ በዚያው ወር 5.7 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ለበጎ አድራጎት ሰጠ፤ ለማን እንደሆነ ግን ያኔ አልተገለጸም።

ይህ ጥያቄ ወደ እኛም ይዞራል። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 2019 ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችውን 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ሳተላይት በቻይና ሮኬት ስታስወነጭፍ «ዳቦ ሳይኖር?» ያለ ሰው ሞልቶ ነበር። ሳተላይቷ የተላከችው የእርሻ መሬት፣ ደንና ውሃ እንድታይ ነበር። ቡና አብቃይ አገር ለሚኖር ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም ብዬ ያኔም ተከራክሬያለሁ።

የሰማዩ ላም

የስታርሊንክ የመጀመሪያዎቹ 60 ሳተላይቶች የወጡት ግንቦት 2019 ነው። ዛሬ በሺዎች ይቆጠራሉ። የድሮዎቹ የኢንተርኔት ሳተላይቶች 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ነው የሚቆሙት። እነዚህ 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ይዞራሉ፤ ለዚህ ነው የሚፈጥኑት። ቅርብ ሲሆኑ ግን አንዷ የምትሸፍነው ቦታ ያንሳል። ብዛቱ የመጣው ከዚያ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ብርሃናቸው የቴሌስኮፕ ምስል ያበላሻል ብለው ከመጀመሪያው ሰሞን ጀምሮ አቤት ብለዋል።

አገልግሎቱ ጥር 2023 ናይጄሪያ፣ ሐምሌ 2023 ኬንያ ገባ። ኬንያ ጎረቤት ናት። ጅማ ላይ ዝናብ መጥቶ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ታዲያ አንድ ሰው መተረቱ አይቀርም፦ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።» የሰውየው ስም በአማርኛ የከብት ግጦሽ መሆኑ ነገሩን ያባብሰዋል። ላሙም መስኩም ሰማይ ላይ ናቸው።

ከቀልዱ ጀርባ ግን ከባድ ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። ያን ጊዜ ያየ ሰው «የሰማዩን ማን ይዘጋዋል?» ይላል። መልሱ ከዩክሬን መጣ። ጦርነቱ ሲጀመር ስታርሊንክ ለዩክሬን ትልቅ አለኝታ ሆነ። በ2023 ግን መስክ ራሱ ተናገረ፤ ሩሲያ በያዘችው ክራይሚያ እስካለችው ወደብ እስከ ሴቫስቶፖል ድረስ አገልግሎቱ እንዲከፈት አስቸኳይ ጥያቄ ቀርቦለት እንቢ ብሏል። ስለዚህ የሰማዩም ይዘጋል። የሚዘጋው ሌላ ሰው ነው እንጂ። እኔ እስከማውቀው ጅማ ላይ በዚህ ነጥብ ተስማምቶ ከቡና የተነሳ የለም።

መኪናው

ጅማ ላይ ከሮኬቱ ይልቅ መኪናው ኪስ ይነካል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከለከለ። እንዲህ ያለ እገዳ ያወጣች የመጀመሪያዋ አገር እኛ ነን። ቀደም ብሎ የኤሌክትሪክ መኪና ቀረጥ ወርዶ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የመጣ 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ተበትኖ የመጣ ዜሮ። መንገዱን የሞሉት ግን ቴስላዎች አይደሉም፣ የቻይና መኪናዎች ናቸው። በ2011 መስክ ስለ ቻይናው መኪና ሠሪ ስለ ቢዋይዲ በቴሌቪዥን ሲጠየቅ ከት ብሎ ሳቀ፤ «መኪናቸውን አይተኸዋል?» አለ። በ2023 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ቢዋይዲ በኤሌክትሪክ መኪና ሽያጭ ቴስላን በለጠ። ይህን ታሪክ ጅማ ላይ የሚያወራ ሰው ሁሌም ራሱ ከት ብሎ ይስቃል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ቴስላ በ2008 ሮድስተርን፣ በ2012 ሞዴል ኤስን ባያወጣ ሌሎቹ በዚህ ፍጥነት አይነሱም ነበር። ከአሜሪካ መንግሥት የወሰደውን 465 ሚሊዮን ዶላር ብድርም በ2013 ከጊዜው ቀድሞ መልሷል። ቃሉን በተመለከተ ግን ሰውየውን ማመን ይከብዳል። በ2016 መኪናው በ2017 መጨረሻ ከሎስ አንጀለስ ኒውዮርክ ብቻውን ይነዳል አለ። አልሆነም። ታኅሣሥ 2023 ሹፌሩን በመንዳት በሚያግዘው ሥርዓት፣ በአውቶፓይለት ምክንያት ከ2 ሚሊዮን በላይ መኪናዎች ለማስተካከያ ተጠሩ። በ2018 ደግሞ «ቴስላን ከአክሲዮን ገበያ አወጣለሁ፣ ገንዘቡ ተገኝቷል» ብሎ በጻፋት አንዲት መስመር እሱና ኩባንያው እያንዳንዳቸው 20 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከፍለዋል።

የቴስላን የብረት ፒካፕ ሳይበርትራክን ካነሳን፣ እዚህ ያሉ ብረት በያጆች ፎቶውን ሲያዩ «ይሄማ የግቢ በር ነው» ይላሉ። መጋቢት 2025 ከ46,000 በላይ ሳይበርትራኮች ለጥገና ተጠሩ። በሙጫ የተያያዘው የብረት ገጽታ ሊገነጠል ስለሚችል ነው። ብየዳ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ ጅማ የምትኮራበት ነገር አላት። 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ እዚሁ ዞን ውስጥ ነው፤ በ2004 ሥራ ጀመረ። ግን ግድቡ ቅርብ ስለሆነ መብራት አይጠፋም ማለት አይደለም። ሌላው ጣጣ መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከወልቂጤ በኋላ ጊቤ በረሃ ድረስ ቁልቁል ይወረዳል። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ይሠራና ባትሪውን ይሞላል። ሹፌሩ ደስ ይለዋል። ከድልድዩ ወዲህ የአበልቲ ዳገት ይመጣል፤ ያገኘውን ከነወለዱ ይወስድበታል።

አንድ የማውቀው ሰው በቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ቅዳሜ ማታ መጣ። ዳገቱ ላይ ኤሲ አጥፍቶ፣ መስኮት ከፍቶ ነው የወጣው። ቤቴ ሲደርስ ባትሪው 14 በመቶ ላይ ነበር። የ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከተራ ሶኬት 2 ኪሎዋት ያህል ቢጠጣ ባዶውን ለመሙላት 30 ሰዓት ይፈልጋል። እሁድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መብራት ጠፋ። እንግዳዬ ሰኞ ወደ ማታ ነው የወጣው። እስከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካውን እየደጋገመ ስለ መስክ ሲከራከር ከረመ። ጅማ ገብቶ ከቡና በፊት ሶኬት የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።