ዘኬዎስ የገባው ቃል ሁለት ነው

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ የተወደዳችሁ። የግሸን ማርያምን በዓል አክብረን ከተመለስን ወዲህ ደሴም ኮምቦልቻም ያሉ ልጆቻችን አንድ ቪዲዮ እየተላላኩ ነው፣ አሜሪካዊው የነዳጅ ቱጃር ሮክፌለር ከመጀመሪያ ደሞዙ ጀምሮ አስራት ስላወጣ እግዚአብሔር ባረከው፣ እናንተም እንደሱ አድርጉ የሚል። አንዳንዱ አሜን ይላል፣ ሌላው ደግሞ ይሄ ሰውዬ ሲኦል ነው ያለው ብሎ ይፈርዳል። ሁለቱም አሳዘነኝ።

አስራት ማውጣቱ እውነት ነው፣ ገና ወጣት ተቀጣሪ ሳለ የሰጠውን በደብተር ይመዘግብ ነበር። ግን ስታንዳርድ ኦይል የተባለውን የነዳጅ ኩባንያ በ1870 አቋቁሞ (ዘመኑ በፈረንጅ ነው) በአሥር ዓመት አካባቢ የአሜሪካን ነዳጅ ማጣሪያ 90 በመቶ ገደማ የጠቀለለው በአስራት ነው እንዴ? ከባቡር ኩባንያዎች ጋር በድብቅ እየተዋዋለ ለራሱ ጭነት ዋጋ እያስቀነሰ፣ ተፎካካሪውን ወይ ሽጥልኝ ወይ ትከስራለህ እያለ ነው እንጂ። ላምባ መርከሱን አልክድም፣ የድሃውም ቤት በርቷል፣ ማጣሪያውን ተነጥቆ ባዶ እጁን የቀረው ሰው እንባስ? በ1911 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሞኖፖሊውን አፍርሶ 34 ኩባንያ አደረገው። ከዚያ በፊት በ1905 ለአንድ የወንጌል ተልእኮ ማኅበር መቶ ሺ ዶላር ሲሰጥ ዋሽንግተን ግላደን የሚባል የነሱ ሰባኪ ይሄ ገንዘብ ቆሽሿል አንቀበል ብሎ ተሟግቶ ነበር፣ ማኅበሩ ግን ተቀበለ፣ ለካ ራሱ ለምኖ ነው ያመጣው።

እኔ ቀራጩን ዘኬዎስን የምወደው ለዚህ ነው፣ ሉቃስ 19ን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ካለኝ ሁሉ እኩሌታውን ለድሆች እሰጣለሁ አለ፣ በዚህ ቢያቆም ኖሮ እኛ እልል እንልለት ነበር። እሱ ግን አላቆመም፣ የበደልኩት ሰው ካለ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ምጽዋቱ ለድሃው ነው ካሳው ለተበደለው ነው፣ ለድሃ የሰጠው ግማሽ ሀብት ለቀማው ሰው ካሳ ሆኖ አልተቆጠረለትም! ጌታም ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል ያለው ሁለቱንም ከሰማ በኋላ ነው።

በ1937 የሞተው የሮክፌለር ነፍስ የፈጣሪው ናት፣ እኛ አንፈርድም። በሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ የተሠራው የቢጫ ወባ ክትባትም ስንቱን አትርፏል፣ እሱም ይነገርለት። ግን ነፍሱ ላይ አንፈርድም ማለት ቅሚያውን በረከት እንበለው ማለት አይደለም።

ይሄ ነገር ለወሎ ሰው ካልገባው ለማን ይገባዋል? በእኛ አቆጣጠር በ1965 እና በ66ቱ ረሃብ እዚሁ ሰው እያለቀ እህል በመኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር፣ ገበሬው መግዣ አጥቶ መንገድ ዳር ወድቆ እያየ። ምሳሌ 11፥26 እህልን የሚያስቀር በሕዝብ ዘንድ የተረገመ ነው ይላል። እኛስ ዛሬ ጤፉን መጋዘን ቆልፎ ዋጋ እስኪሰቀል የሚጠብቀውን ሰው ቆርቆሮና ምንጣፍ ስላመጣ ብቻ ስሙን በማይክ እየጠራን እናስጨበጭብለት የለም ወይ? ያቺ ግማሽ ኪሎ መግዛት ያቃታት እናት እኮ እዛው ጉባኤ ላይ ቁጭ ብላ ነው የምታጨበጭበው፣ ወገኖቼ።

ነጋዴ ልጆቼ፣ ለኅዳር ጽዮን ስለታችሁን ከማስገባታችሁ በፊት በሚዛን ያታለላችሁትን ገበሬ ፈልጋችሁ መልሱለት፣ ሞቶ ከሆነም ለልጆቹ። የንስሐ አባቶችም ብሩን ስትቀበሉ የማን ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ሰውየው ቅር ቢለውም ጠይቁ።