ፀሐይ ስለራቀች አይደለም የሚበርደው፦ ስለ ሰማይና ምድር የተለመዱ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የገና ዋዜማ ማታ አክስቴ ግቢ ከሰል ከበን ቁጭ ብለናል፣ የአዲስ አበባ ብርድ እንደምታውቁት ነው፣ አክስቴ ጋቢያቸውን ወደ ጆሯቸው ሳብ እያደረጉ "በዚህ ሰሞን እኮ ፀሐይዋ ርቃለች" አሉ። ሁሉም ሰው "እውነት ነው" አለ። እኔም ድሮ እንደዛ ነበር የማስበው፣ እና ለማሰብ የሚከብድ ነገር የለውም፣ እሳት ስትርቅ ይበርድሃል፣ ስትቀርብ ይሞቅሃል፣ ፀሐይም እንደዛው ይመስላል። ግን ነገሩ በጣም ተቃራኒ ነው፣ መሬት በዓመት ውስጥ ለፀሐይ ከሁሉም በላይ የምትቀርበው ልክ ያን ሰሞን ነው፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ከገና ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ። ያኔ ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በጣም የምትርቀው ደግሞ ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው፣ 152 ሚሊዮን አካባቢ። 5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሲሉት ብዙ ይመስላል እንጂ ከጠቅላላው 3 ፐርሰንት ገደማ ብቻ ነው።

ወቅት የሚያመጣው ርቀት ሳይሆን መሬት ዘንበል ብላ መዞሯ ነው፣ 23.4 ዲግሪ ያህል። ሰሜኑ ወደ ፀሐይ ባዘነበለበት ጊዜ አውሮፓና አሜሪካ ይሞቃቸዋል፣ ደቡብ አፍሪካ ይበርዳታል፣ ስድስት ወር ቆይቶ ይገለበጣል። እኛ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ዝንባሌው የሙቀቱን ነገር ያን ያህል አይቀያይርብንም፣ የሚቀያይርብን ደመናና ዝናቡ ነው። የታህሳስና የጥር ሌሊት የሚበርደው ሰማዩ ጥርት ብሎ አየሩም ደረቅ ስለሆነ ነው፣ መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ስትለቀው የሚይዝላት የለም። ደመና ለመሬት ጋቢዋ ነው ብዬ ነው ለአክስቴ የነገርኳቸው፣ ወዲያው ገባቸው።

ይሄን ማንም ሰው ግቢው ውስጥ ሊያየው የሚችል ማስረጃ አለው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፣ አንዴ ሚያዝያ 5 አካባቢ፣ አንዴ ነሐሴ 23 አካባቢ። ነሐሴ ደመና ነው፣ ሚያዝያ ይሻላል። አክስቴ ጋ ሄጄ የመጥረጊያ እንጨት ሲሚንቶው ላይ ቀጥ አድርጌ ያዝኩት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ሲል ጥላው እያጠረ እያጠረ መጣና እንጨቱ እግር ስር ገብቶ ጠፋ። አክስቴ ጎንበስ ብለው ዞረው ዞረው ፈለጉት። ሰኔ ላይ ብትሞክሩት ደግሞ (ደመናው ካልከለከላችሁ) የእኩለ ቀን ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ ታህሳስ ላይ ወደ ሰሜን። ፀሐይ ራቀች ቀረበች ሳይሆን የምትመጣበት አቅጣጫ ነው የሚቀየረው፣ እሱን በአይናችሁ ካያችሁ በኋላ መጽሐፍ ላይ ያለው ስዕል ሌላ ነው የሚሆነው።

"ጨረቃ የምትጎድለው የመሬት ጥላ ሲያርፍባት ነው።" ይሄን ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰውም ሲል ሰምቻለሁ። የመሬት ጥላ ጨረቃ ላይ የሚያርፈው በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ነው የሚሆነው። ግማሽ ጨረቃ የምናየው ግማሿን ብቻ ፀሐይ ስለምታበራትና እኛ ከጎን ስለምናያት ነው። ጨረቃ እየሞላች ግማሽ በደረሰችበት ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ቀና በሉ፣ ግማሽ ጨረቃዋ አናታችሁ አካባቢ ናት፣ ፀሐይ ምዕራብ፣ የመሬት ጥላ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ነው የሚሄደው፣ በምን ተዓምር ነው እላይዋ ላይ የሚያርፈው? ልጆች ካሏችሁ ማታ አንድ አምፖል ብቻ አብሩና ብርቱካን በእጃችሁ ዘርግታችሁ ከራሳችሁ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ይዛችሁ በቦታችሁ ቀስ እያላችሁ ዙሩ፣ ብርቱካኑ ላይ ቀጭኗም ግማሿም ሙሏም ጨረቃ በተራ ትመጣለች። ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላየሁም።

እዛው ጨረቃ ላይ እያለን፣ "ጨለማው ጀርባዋ" የሚባለው ነገርም ልክ አይደለም። እኛ ሁሌም አንድ ፊቷን ብቻ ስለምናይ ጀርባዋ ከኛ ተደብቋል እንጂ ጨለማ አይደለም፣ እኩል ፀሐይ ያገኛል፣ ሁለት ሳምንት ቀን ሁለት ሳምንት ሌሊት። መጀመሪያ ፎቶ ያነሳችው የሶቪየቷ ሉና 3 ናት በ1959፣ ቻይናዎች ደግሞ በ2019 አረፉበት፣ በ2024 አፈርና ድንጋይ ይዘው ተመለሱ። እነዚህ ሦስቱ ዓመተ ምህረቶች በፈረንጅ ናቸው።

ልጅ ሆነን ሰማይ ላይ ብርሃን ሸርተት ሲል "ኮከብ ወደቀ፣ የሆነ ሰው ሞተ" ይሉን ነበር፣ እኔ በፍርሃት ብርድ ልብስ ውስጥ እገባ ነበር። ያ የሚሸራተተው ኮከብ አይደለም። ኮከብ ማለት የኛ ፀሐይ አይነት ነው፣ ፀሐይ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መሬቶች ይገባሉ፣ እንዲህ ያለ ነገር የትም አይወድቅም፣ መሬት ናት ወደሱ የምትወድቀው። የምናየው ከአሸዋ ቅንጣት እስከ ሽምብራ የሚያህል ጠጠር በሰከንድ በብዙ አስር ኪሎ ሜትር ፍጥነት መጥቶ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩን ሲመታው ግሎ የሚፈጥረው ብርሃን ነው። የማንም ነፍስ የለችበትም። ማየት ለሚፈልግ ከዓመቱ ምርጡ ሌሊት ታህሳስ 4 እና 5 አካባቢ ነው፣ ጀሚኒድስ ይባላል፣ ፌቶን የሚባል አስትሮይድ ጥሎት የሄደው ፍርስራሽ ውስጥ መሬት ስታልፍ ነው። አንድ ዓመት ከጓደኞቼ ጋር ከከተማ ወጣ ብለን ሜዳ ላይ ፍራሽ ዘርግተን በጀርባችን ተኝተን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ40 በላይ ቆጥረናል፣ አንዷ አረንጓዴ ብላ ግማሽ ሰማዩን ስታቋርጥ ሁላችንም አንዴ ጮህን። ወሩ በጋ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አጥቢያ ኮከብም ኮከብ አይደለችም፣ ቬነስ ናት፣ ፕላኔት። ማታ በምዕራብ የምታዩዋትና በሌላ ሰሞን ንጋት ላይ በምሥራቅ የምታዩዋት አንድ ናት። ለፀሐይ ሜርኩሪ ይበልጥ ቅርብ ቢሆንም የምትግለው ቬነስ ናት፣ 465 ዲግሪ ገደማ፣ ወፍራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሯ ሙቀቱን አላስወጣ ብሎት ነው፣ አሁንም ጋቢ በሉት። በሰልፍ እየሄዱ ሰውን የሚያስደነግጡት መብራቶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ አዲስ የተወነጨፉ የስታርሊንክ ሳተላይቶች ናቸው።

"ህዋ ላይ የመሬት ስበት ስለሌለ ነው የሚንሳፈፉት" የሚለው ከሁሉም በላይ የሚያከራክረኝ ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ከአዲስ አበባ ደሴ ያለውን መንገድ ወደ ላይ ብታቆሙት ማለት ነው፣ እዛ ከፍታ ላይ ስበቱ እዚህ ካለው 90 ፐርሰንት ያህል ነው። ታዲያ ለምን ይንሳፈፋሉ? እየወደቁ ስለሆነ ነው! ድንጋይ ስትወረውር ሄዶ ሄዶ ይወድቃል፣ በኃይል ስትወረውር ራቅ ብሎ ይወድቃል፣ በሰዓት 28 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ብትወረውረው ግን መሬት ክብ ስለሆነች እሱ በወደቀ ቁጥር መሬቷም ከስሩ እየታጠፈች ትሄዳለች፣ ሲወድቅ ይኖራል እንጂ አይደርስም። ጣቢያውም ሰዎቹም እኩል እየወደቁ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይጫንም፣ በ90 ደቂቃ አንዴ መሬትን ይዞራሉ። ስበት ባይኖርማ ኖሮ ቀጥ ብለው ሄደው በቀሩ ነበር፣ ጨረቃም እንደዛው።

አሁን ወደ ምድር ልውረድ፣ ምክንያቱም ይሄኛው ህይወት የሚያጠፋ ነው። መብረቅ። ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል፣ መስታወት ሸፍኑ፣ የሚባለው መሰረት የለውም፣ መብረቅ ቀለም አይመርጥም፣ የሚመርጠው ከፍ ያለውንና ብቻውን የቆመውን ነው። ዝናብ ሲመጣ ዛፍ ስር መጠለል ነው አደጋው፣ በተለይ ሜዳ መሃል ያለች አንዲት ዛፍ። ከብቶች ባንዴ በመንጋ የሚሞቱትም ብዙ ጊዜ መብረቁ ሁሉንም መቷቸው ሳይሆን ዛፉን መቶ መሬት ለመሬት ሲሰራጭ በአንዱ እግራቸው ገብቶ በሌላው ስለሚወጣ ነው፣ የፊትና የኋላ እግራቸው የተራራቀ ነዋ። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ድምፁ እስኪመጣ ቁጠሩ፣ 3 ሰከንድ ማለት 1 ኪሎ ሜትር ነው፣ 30 ሳይሞላ ከሰማችሁት ቤት ወይም የተዘጋ መኪና ውስጥ ግቡ። እና እባካችሁ ይሄን ለገጠር ዘመዶቻችሁ ንገሩ፦ በመብረቅ የተመታን ሰው መንካት ምንም አያደርግም፣ ኤሌክትሪኩ ሰውነቱ ውስጥ አይቀመጥም። ልቡ ቆሞ ከሆነ ወዲያው ደረቱን መጫን ከጀመራችሁለት ሊተርፍ ይችላል። "አትንኩት" በማለት የሚባክነው ደቂቃ ነው ሰው የሚገድለው።

"አፋር ለሁለት ተከፍሎ በቅርቡ ባህር ሊገባ ነው" የሚል ቪዲዮ በየሶስት ወሩ ይላክልኛል። መሰረቱ እውነት ነው፣ የተሳሳተው "በቅርቡ" የምትለዋ ናት። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2005 ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር መሬቱ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል፣ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ፣ ቀልጦ የወጣው አለት ከስር ገብቶ ነው የገፋው። ይሄ ግን የብዙ መቶ ዓመታት ክምችት ባንዴ ሲፈታ ነው፣ በአማካይ ሲታይ ምድሩ የሚለያየው በዓመት ከጥቂት ሚሊ ሜትር እስከ 2 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ውቅያኖስ ለመሆን ሚሊዮኖች ዓመታት ይፈልጋል። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው፣ ባህሩ ከዚህ በፊት መጥቶ ያውቃል። ዳናኪል ከባህር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፣ ቀይ ባህር ድሮ እየገባ እየደረቀ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ጨው ጥሎ ሄዷል። በግመል ተጭኖ የሚወጣው አሞሌ የዛ ባህር ቁራሽ ነው። ቁራሹን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ፣ በጎኑ በኩል እንደ ሽሮ የሳሳች ጭቃማ መስመር አለችው፣ ምላስ ላይ ሲነካ ባህር ነው።

የ2017 ታህሳስና ጥር ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ "ዛሬ ሌሊት 8 ሰዓት ትልቁ ይመጣል" የሚል መልዕክት በቴሌግራም ስንቱን ውጭ አሳደረ። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ጠርቶ መናገር የሚችል ሳይንቲስትም መሳሪያም የለም። ሊነገር የሚችለው የት አካባቢ አደጋው ከፍተኛ እንደሆነ ነው። እሳተ ገሞራም "ሞቷል" ብሎ መተው አይቻልም፣ በታሪክ ሲፈነዳ ተመዝግቦ የማያውቀው ሃይሊ ጉቢ ህዳር 14 ቀን 2018 ፈንድቶ አመዱ የመንን አልፎ ህንድ ሰማይ ድረስ ሄዷል፣ አፍዴራ ያሉት አርብቶ አደሮች ደግሞ ግጦሻቸው አመድ ለብሶ ነው ያደሩት።

የመጨረሻው የፀሐይ ግርዶሽ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ስትታይ ስንቱ ቤት መስኮት ዘግቶ ተቀምጦ ነበር፣ እርጉዝ እንዳትወጣ፣ የተሰራ ምግብ ይደፋ እየተባለ። በግርዶሽ ጊዜ ፀሐይ የምትለቀው አዲስ ጨረር የለም፣ ጨረቃ መሃል ገብታ ጋረደቻት፣ በቃ። ፅንስም ወጥም ምንም አይሆኑም። ፀሐይ ከጨረቃ በስፋት 400 ጊዜ ያህል ትበልጣለች፣ ርቀቷም 400 ጊዜ ያህል ነው፣ ስለዚህ ሰማይ ላይ እኩል ይመስላሉ፣ ያን ቀን ጨረቃ ትንሽ ራቅ ብላ ስለነበር ሙሉ ልትሸፍናት አልቻለችም፣ ቀለበቱ የመጣው ከዛ ነው። የሚጎዳው አይን ነው፣ እሱ ግን የምር ይጎዳል፣ የአይን ጀርባ የህመም ስሜት ስለሌለው ሲቃጠል አይታወቅም። የራጅ ፊልም፣ የፀሐይ መነጽር፣ ሳፋ ውስጥ ባለ ውሃ ማየት፣ ሶስቱም አያድኑም። አይ ኤስ ኦ 12312-2 የሚል ያለበት የግርዶሽ መነጽር ወይም ቁጥር 14 የብየዳ መስታወት ነው የሚሆነው። ምንም ከሌላችሁ ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡና ዛፍ ስር ያለውን መሬት እዩ፣ በቅጠሎቹ መሃል የሚገባው እያንዳንዱ ነጠብጣብ ብርሃን የተገመጠች ፀሐይ ሆኖ ነው የሚያርፈው።

ቀጣዩ ትልቁ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ነው፣ በፈረንጅ ኦገስት 2፣ 2027። እኛ ጋ በከፊል ነው፣ ደጋው ላይ ክረምት ስለሆነ ደመናው ያሰጋል፣ አፋርና ሶማሌ ክልል ይሻላሉ። ጅዳና መካ ያላችሁ እህት ወንድሞች ግን ሙሉ ግርዶሽ ነው የምታገኙት፣ ጅዳ ላይ 6 ደቂቃ አካባቢ ጠራራ ፀሐይ ላይ ይጨልማል፣ ከዋክብት ይወጣሉ። መነጽሩን ያን ሰሞን ሳይሆን ቀደም ብላችሁ ግዙ፣ ሰሞኑን ሀሰተኛው ገበያውን ይሞላዋል፣ የምትሰሩበት ቤት ልጆች ካሉም ለነሱም ጭምር ያዙ።